ሱሉልታን ስጡኝ

ሱሉልታ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ዓ.ም.

ውድ ሰይዳ፣

እንደ ወጉ ቢሆን ስለ ባልሽ፣ ስለ ሕፃኑ፣ ስለ ድሬዳዋ ሙቀት በየተራ እየጠየቅሁ አንድ ገጽ መሙላት ነበረብኝ። ዛሬ ግን ትዕግሥቱ የለኝም። ሁላችሁንም ደህና ያድርጋችሁ ብዬ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። ተናድጃለሁ። ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ ተናድጄ ነው የምተኛው፣ ተናድጄ ነው የምነሣው፤ ተማሪዎቼ እንኳ ፊቴን አይተው ቀድመው ዝም ይላሉ።

አባትሽ አሁን እቤትሽ ናቸው። «የልጅ ልጄን ልይ ብዬ መጣሁ» ብለውሻል፤ እኔንም እንደዚያው ብለውኛል። ውሸት አይደለም። ግን ጋሼ ከሊፋ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለሐዘን ካልሆነ ሱቃቸውን ቆልፈው የማያውቁ ሰው፣ በገበያ ሰሞን ለምን ተነሥተው እንደመጡ ብትለምኚያቸውም አይነግሩሽም። ስለዚህ እኔ ልንገርሽ። ከሌላ ሰው ጠማማውን ከምትሰሚ ከእኔ ቀጥተኛውን ብትሰሚ ይሻላል።

ከየካቲት ወዲህ አገሩ ሁሉ ጆሮ ሆኗል። ካቢኔው ሥልጣን ለቀቀ የተባለ ዕለት የማሪቱ ጠጅ ቤት ሰው እንደ ጎመን ታጭቆበት ነበር፤ ጠጁን የጠጣ ግን አልነበረም፣ ሁሉም ራዲዮኑ ላይ አፍጥጦ። የሚነገረው አንድ ዜና ነው፣ ያንኑ ዜና ሰምቶ የሚወጣ ሰው ግን የለም። ገበሬው «መሬት ላራሹ ተባለ ወይ?» ይላል። የጫንጮ መንገድ ሾፌር «ቤንዚን ረከሰ ወይ?» ይላል። እኛ አስተማሪዎች ደግሞ ደመወዛችንን እንጠብቃለን። ሕገ መንግሥቱ ይሻሻላል ሲባል አንዱ ሽማግሌ «ከተሻሻለ በኋላ ኪራዩን የምንከፍለው ለማን ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ሰው ሳቀባቸው። እኔ ግን ከሁሉም ጥያቄ የእሳቸው ሲከነክነኝ ነው የሰነበተው፤ የመለሰላቸውም የለም።

አድማ የመታን ጊዜ አባትሽ ምን እንዳደረጉ ሰምተሻል? ከአዲስ አበባ ሰው ይመጣል፣ ትታሰራላችሁ እየተባልን ክፍል ውስጥ ተሰብስበን ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ስኳርና ሻይ ቅጠል አሸክመው መጡ። «ልጆቼን ያስተማራችሁ እናንተ ናችሁ፣ ደረቅ ጉሮሮ ይዛችሁ አትከራከሩ» አሉን። በዚያን ዕለት ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው ባይሳ ነው። ባይሳ አዲሱ የታሪክ አስተማሪያችን ነው፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣ። ጎበዝ ነው፣ መጽሐፍ አንባቢ ነው፣ «እኩልነት» የምትለውን ቃል ሲናገራት ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ይነሣል። ስሙን ያዢልኝ።

የዘንድሮው የተረት ቀን እንደ ልማዳችን ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጦ ነበር። በዋዜማው፣ ቅዳሜ፣ እስላሞች ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ እንደሚወጡ ወሬው ተነዛ። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ጎራ አልኩ።

«ነገ ሱቁን እዘጋለሁ» አሉኝ አባትሽ፣ ሚዛኑን በጨርቅ እየወለወሉ።

«ለሰልፉ?»

«ለሰልፉ።»

«አይፈሩም ጋሼ?»

«ምኑን እፈራለሁ? ራዲዮኑ ‹በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች› ባለ ቁጥር፣ ይሄ እንግዳ የት ነው ያረፈው ብዬ ዞር ዞር እላለሁ። ለካ እኔን ነው።» ሳቁ። ሳቁና ደግሞ ሳቁን ተዉት። «ወርቅቱ፣ ጀዋሂርን የት እንደቀበርኳት ታውቂያለሽ። በጭነት መኪና ኮልፌ ድረስ። እዚህ ወልዳ፣ እዚህ አሳድጋ፣ የናንተን ልጆች እዚህ አዋልዳ፣ ስትሞት ሦስት ክንድ መሬት አጣንላት። መቃብሯን ለማየት አውቶቡስ ነው የምጠብቅ። ይህን ሄጄ ካልጮህኩ መቼ ልጩህ?»

ሰይዳ፣ ይህን የጻፍኩልሽ ላስለቅስሽ ብዬ አይደለም። እናትሽን ጭነን የሄድን ዕለት ከመኪናው ኋላ ጎን ለጎን ነበርን፤ አንቺ እንባ አልወጣሽም፣ እኔ ነበርኩ የማለቅሰው። ያኔ ምንም አልተናገርንም። እንደ ዝናብና እንደ ብርድ፣ የአገሩ ጠባይ ነው ብለን ተውነው። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ይህም ነው።

ቅዳሜ ማታ አባትሽ ሲመለሱ ድምፃቸው ተዘግቷል፣ ጫማቸው አቧራ ለብሷል፣ ፊታቸው ግን የሙሽራ ፊት ነበር። ከአውቶቡስ እንደወረዱ በቀጥታ ወደኛ ቤት ነው የመጡት። «ቦጂያ! አንዋር መስጊድ አካባቢ መርፌ መጣያ የለም! ክርስቲያኑ ክንዴን ይዞኝ ነው የሄደ፣ የማላውቀው ሰው! አንተ ብቻ ነህ የጎደልከው» አሉት አባቴን። አባባም ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ «በል እንግዲህ ጉሮሮህን በማር አለስልስ። ነገ አንተ ካልተረትክ የተረት ቀን ምኑን የተረት ቀን ሆነ?» አላቸው። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። እኔ ነኝ ማሩን ቀድቼ የሰጠሁ።

እሑድ ጠዋት አዘጋጆቹ ተሰበሰብን። ሰብሳቢው አባቴ ነው፣ ጸሐፊው ባይሳ፣ እኔ ተራኪዎቹን በየተራ የምጠራ። ሌሎችም ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ። ባይሳ የተራኪዎቹን ስም ማንበብ ጀመረና ከአባትሽ ስም ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ኦቦ ቦጂያ፣ እርስዎን አክብሬ ነው የምናገረው» አለ። «ጋሼ ከሊፋ ዘንድሮ ቢቀሩስ? ሰው ስለ ትናንቱ ሰልፍ ተከፋፍሎ እያወራ ነው። በየቤቱ ጉምጉምታ አለ። እሳቸው ሲነሡ አንዱ ቢጮህ በዓሉ ተበላሸ ማለት ነው።»

«አንተ ራስህ እኩልነት ስትል አይደለም እንዴ የከረምከው?» አልኩት።

«አዎ! ግን ዋናው ጥያቄ የመሬት ነው፣ የመደብ ነው። የሃይማኖቱ ጥያቄ ሕዝቡን ይከፋፍላል። ጊዜው አይደለም።»

«ለስኳሩ ጊዜው ነበር።»

«ወርቅቱ፣ ስሜታዊ አትሁኚ።»

ወደ አባቴ ዞርኩ። ትናንት ማታ የአባትሽን ትከሻ መታ መታ ያደረገው ሰው ነው። ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል። «እናንተ እንዳላችሁ» አለ በመጨረሻ። በቃ። «እናንተ እንዳላችሁ!» ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። የእኔ ተቃውሞ ቡን ብሎ ቀረ። አባትሽ ዘንድ ሄዶ የነገራቸው ባይሳ ነው፤ በጨዋ ቋንቋ እንደነገራቸው እገምታለሁ።

በዓሉ እንዴት አምሮ ነበር መሰለሽ! እንዲህ ማለቴ ራሱ ያናድደኛል፣ ግን እውነቱን ልጻፍ ብያለሁ። የበልግ ዝናብ ሌሊቱን ዘንቦ አባርቷል፣ ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው መስክ ለምልሞ እንደ ምንጣፍ። ከጫንጮ በእግርም በበቅሎም መጡ፣ ከቡራዩና ከሰበታ ሳይቀር በአውቶቡስ የመጡ ነበሩ። የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሎ፣ ጠላ። አንዱ ተራኪ «ተረት ተረት» ሲል «የላም በረት»፤ ሌላዋ «ዱሪ ዱሪ» ብላ ስትጀምር ሕፃናቱ በኦሮሞኛው እየተቀበሉ፣ አማርኛ ብቻ የሚያውቀው ከጎረቤቱ እየጠየቀ፣ ሳቁ ግማሹ ቀድሞ ግማሹ ተከትሎ ይመጣል።

የጫንጮዋን እማማ ተረፈችን ታስታውሻቸዋለሽ? ጥርስ የላቸውም እንጂ ምላሳቸው እንደ ዱሮው ነው። «አንዲት ዶሮ ነበረች» አሉ። «ከመንገድ ላይ ወሬ ሰማች፤ ጭልፊት ከሹመቱ ወረደ! እልል ብላ ጫጩቶቿን ከቁጥቋጦው ሥር ጠራቻቸው። ኑ ፀሐይ ሙቁ፣ ጠላታችን ወረደ አለቻቸው። ጫጩቶቹ ወጥተው ሜዳው ላይ ክንፋቸውን ዘረጉ። ትንሿ ጫጩት ግን ‹እማዬ፣ በምትኩ ማን ተሾመ?› አለች። ዶሮዋም ‹እሱንማ ሳልጠይቅ መጣሁ› ብላ ወደ መንገድ ተመለሰች። ስትጠይቅ ምን አሏት? ‹ወንድሙ።› ስትመለስ ሜዳው ላይ ላባ ብቻ።»

ሕዝቡ በሳቅ ተንከተከተ። አንድ ነጭ ለባሽ ቆጣ ብሎ «ምን ማለትዎ ነው?» ቢላቸው፣ «እኔ የማወራው ስለ ዶሮ ነው ልጄ፣ አንተ ስለ ማን ሰማህ?» አሉት። እሱ ራሱ ሳቀ። እኔም ለዚያች ጊዜ ንዴቴን ረስቼ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል አባትሽን አየኋቸው። ከተራኪዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ አይደሉም፤ ከሕዝቡ መሐል፣ ሣሩ ላይ፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። ሕፃናቱም አይተዋቸዋል። «ጋሼ ከሊፋ! ጋሼ ከሊፋ!» ማለት ጀመሩ። ትልልቆቹም ተቀበሉ፤ የጮኸባቸው አንድ ሰው አልነበረም። ባይሳ የፈራው ጩኸት የት እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባትሽ ተነሡ። እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኙ። «ተረት ዘንድሮ አልተፈቀደልኝም» አሉ በዚያች በተዘጋች ድምፃቸው። «እንቆቅልሽ ግን የሕፃን ጨዋታ ነው፣ ማንም አይከለክለኝም። እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልህ!» አለ መስኩ ሁሉ።

«ሂቦ!» አሉ ደግሞ በኦሮሞኛው።

«ሂባካ!»

«ከቤት አልወጣም፣ ከቤትም አልገባ። የመጣው ሁሉ በላዬ ያልፋል።»

«በር!» አለ አንዱ። «በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ አይደለም» አሉ። «ውሻ!» «ውሻ ይባረራል፣ አይደለም።» «ጥላ!» «አይደለም።» ሕፃናቱ ያገኙትን ሁሉ ጠሩ። አልሆነም። «ካቃታችሁ አገር ስጡኝ» አሉ አባትሽ።

ጨዋታው ደራ። «ሐረርን ውሰድ!» አለ አንዱ። «አልፈልግም።» «ጅማን ከነማሩ!» «አልፈልግም።» «ጎጃምን ውሰድ!» «አልፈልግም።» «ታዲያ ምን ይሰጥህ?»

«ሱሉልታን ስጡኝ» አሉ።

ሰይዳ፣ መስኩ ላይ የነበረው ሳቅ እንዴት እንደቆመ ልነግርሽ አልችልም። ቀልድ መሆኑንና አለመሆኑን ሰው ሁሉ የሚያጣራ ይመስል እርስ በርሱ ተያየ። እኔ ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ «ሰጠሁ! ሱሉልታን ሰጥቻለሁ!» ብዬ ጮህኩ። አባትሽ ፈገግ አሉልኝ። «አንቺማ ልጄ ነሽ፣ የልጅ ስጦታ አይቆጠርም። እኔ ከቦጂያ ነው የምፈልግ» አሉና ወደ አባቴ ዞሩ። «ቦጂያ፣ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ስጠኝ።»

አባቴ አልመለሰም። ዱላውን አየ። ዱላው ላይ ምን ተጽፎ እንደሆነ እንጃ፤ እያየ ቆየ። ከዚያ ባይሳ ተነሥቶ «ጊዜያችን ስለጠበበ ወደሚቀጥለው ተራኪ…» አለ። አባትሽ ሱሪያቸው ላይ የቀረውን ሣር አራገፉ፣ ለእማማ ተረፈች እጅ ነሡ፣ መስኩን አቋርጠው ወጡ። መልሱን አልተናገሩም። አገር ያልሰጠ መልስ አይነገረውም።

ሰኞ ሱቁ አልተከፈተም። ማክሰኞ ማለዳ አውቶቡስ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። «ሰይዳ ወንድ ልጅ ወልዳ እስካሁን አለማየቴ ነውር ነው» አሉኝ። መቼ እንደሚመለሱ ስጠይቃቸው ስለ ባቡሩ አወሩልኝ።

ባይሳን አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ አፋጠጥኩት። ጋዜጣ እያነበበ ነበር። «እኩልነት የሚጀምረው ከየት ነው? ከራዲዮኑ ነው ከመስኩ?» አልኩት። ታሪካዊ ወቅት ላይ እንዳለን፣ የግል ጉዳይ ከትልቁ ጉዳይ ጋር መምታታት እንደሌለበት አስረዳኝ። ሰሞኑን ደግሞ የዱሮዎቹ ሚኒስትሮች ታሰሩ ተባለና ማሪቱ ጠጅ ቤት እንደገና ሞላ። ጨፈሩ። ከዚያ ጠጅ ቤት በር ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን የከሊፋን ሱቅ ማየት ይቻላል። ቁልፉን ያየ ሰው የለም። የሩቁን እስር ቤት በር መዘጋት እያዩ የቅርቡን ሱቅ መዘጋት የማያዩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ አገር የሚለውጡት! ስለ ዜናው ደስ አይለኝም ማለቴ አይደለም፤ ይለኛል። ደስታዬን ግን ማን ጋር ሄጄ ላውራው? እንዲህ ያለውን ወሬ ሁልጊዜ ከአባትሽ ጋር ነበር የማወራው።

አባቴን ለብዙ ቀን አላናገርኩትም። ራቱን አቀርባለሁ፣ ዘወር እላለሁ። ትናንት ግን አልቻልኩም።

«ጨዋታ ነበር እኮ አባባ!» አልኩት። «ሰው በእንቆቅልሽ ግብፅን ይሰጣል፣ ሮምን ይሰጣል! ሠላሳ ዓመት አብሮህ ለኖረ ሰው በአፍህ አንድ ቃል ከበደህ?»

«መልሱን አውቄው ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«የእንቆቅልሹን። የበር ደፍ ነው። ሲናገር ወዲያው ነው ያወቅሁት። ብናገር ምን ማለት ነው? በሰው ሁሉ ፊት ‹ከሊፋ፣ አንተ የእኛ ደፍ ነህ› ልለው ነው። አፌ እንቢ አለኝ።»

«እሺ፣ መልሱን ተወው። አገሩንስ?»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። አባቴ ሲቆጣ አይቼዋለሁ፣ ሲያለቅስም አይቼዋለሁ፤ እንደዚያ ዓይነት ፊት ግን አላየሁበትም። «የማንን ሱሉልታ ነው የምሰጠው?» አለኝ። «አያቴ እዚህ ተወለደ። አባቴ እዚህ ተወለደ። ካረስኩት ላይ ለባለመሬቱ ሰፍሬ ነው የቀረውን ያበላሁሽ። ዛሬ ውጣ ቢለኝ ዛሬ እወጣለሁ። ከሊፋ ሱሉልታን ስጠኝ ሲለኝ፣ ጨዋታ አልመስል አለኝ። እውነት የጠየቀኝ መሰለኝ። እውነት ከጠየቀኝ ደግሞ፣ የለኝም። ሰው በተሰበሰበበት የለኝም ልበለው?»

«ለእሱ ብቻ ብትነግረው ምን ነበረበት? ሰኞ ሱቁ ብትሄድ?»

«አፈርኩ» አለ።

እንግዲህ ይኸው ነው፣ ሰይዳ። ስናደድ የከረምኩት በክፉ ሰው ይመስለኝ ነበር። ክፉ ሰው ባገኝ ይሻለኝ ነበር። ያገኘሁት የሚያፍር ሽማግሌ ነው፤ ንዴቴ ደግሞ አልበረደም፣ የሚያርፍበት አጣ እንጂ። አባትሽ አገር የላቸውም፣ አባቴ አገር የለውም፣ ሁለቱም ይህን እርስ በርሳቸው ሳይነጋገሩ ሠላሳ ዓመት በአንድ ዳገት ላይ አረጁ። ሊነጋገሩበት ሲደርሱ ደግሞ አንዱ በእንቆቅልሽ ተናገረ፣ ሌላው በዝምታ መለሰ።

ዛሬ ማለዳ ይህን ደብዳቤ ስጀምር አባባ ከበስተኋላዬ መጥቶ ቆመ። የበዓል ጋቢውን ለብሷል።

«ለሰይዳ ነው የምትጽፊው?»

«አዎ።»

«በፖስታ አትላኪው» አለኝ። ጋቢውን አስተካከለና፣ «ባቡሩ ሽማግሌ ያሳፍራል?» አለኝ።

አዲስ አበባን አልፎ የማያውቅ ሰው ነው፤ አዲስ አበባም ሲሄድ ከመርካቶ አልፎ አያውቅም። «ሂድና ራስህ ንገረው» አልኩት፤ አሁንም ስላልታረቅኩት ስንቁን ስቋጥር ፊቴን አላሳየሁትም። ለገሃር ድረስ ወስጄ አሳፍረዋለሁ። አንቺ በር ላይ የምታገኚው ባለ ዱላ ሽማግሌ እንግዲህ እሱ ነው፤ ደብዳቤውንም ከእጁ ነው የተቀበልሽው። ማንበብ ስለማይችል የሆዴን ሁሉ ሳልሰስት ጻፍኩ።

አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። ሁለቱን በሽምግልና ወግ ለማስታረቅ አትጣደፊ። ልጅሽን በመሐላቸው አስቀምጪው። ከዚያ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሁለቱም እየሰሙ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። እኔን ሊቆጡ ከፈለጉ አብረው ይቆጡ።

እህትሽ፣ አሁንም የተቆጣችው፣
ወርቅቱ ቦጂያ